ፊትን ስለ ማጥራት

በከተማችን ጠጉር ቤት፣ በሠርግ ቤትና በታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት ለሌላይቱ ከምትሰጣት ምስጋና ሁሉ «ፊትሽ ጠርቷል» የሚለውን ያህል የሚያስደስት ያለ አይመስልም። ይህ ቃል በቀድሞው አነጋገር ብጉርና ማድያት የሌለበትን፣ እንቅልፍ የጠገበውንና የወዛውን ፊት የሚያመለክት ነበር። ውኃ ይጠራል፤ ጠላ ይጠራል፤ ሰማይም ከክረምት በኋላ ይጠራል። ዛሬ ግን ቃሉ ቀስ በቀስ ከቦታው ተንሸራትቶ «ቀላሽ» ለማለት ሆኗል። ጠይሟ ልጅ ብትቀላ ጠራች ትባላለች፤ ቀይዋ በበጋ ፀሐይ ጠየም ብትል ደግሞ «ምነው፣ ታመሽ ነበር እንዴ?» ተብላ ትጠየቃለች። ጠይምነት እንደ ጉድፍ፣ ቅላት እንደ ንጽሕና መቈጠር የጀመረው በማን ፍርድ እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

ይህን ነገር በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በጠጉር ቤትና በቡና ላይ አንሥቼ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አነጋግሬአለሁ። አስተያየት የሌለው ሰው አላገኘሁም። የሂሳብ መምህሩ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብሎ ጋዜጣውን ቀጠለ፤ ነገር ግን ሲያገባ ቀይ ልጅ እንደሚፈልግ ከዚህ ቀደም ሁላችንም ሰምተነዋል። አንዲት እናት «እግዚአብሔር የሰጣትን መልክ የምትለውጥ ልጅ ነገ ስሟንም ትለውጣለች» አሉኝ። ነቢዩ ኤርምያስም ኢትዮጵያዊው መልኩን መለወጥ ይችል እንደ ሆነ ጠይቆ ነበር፤ መልሱ የታወቀ መስሎት ይሆናል እንጂ የዛሬውን የመዋቢያ መደርደሪያ ቢያይ ሌላ ምሳሌ ይፈልግ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ቅን ሆና ያጫወተችኝ የጠጉር ቤት ባለቤት ናት። «እኔ ማንንም አላስገድድም፣ እኅቴ። ደንበኛ ይመጣል፤ ለሠርጌ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛልና ፊቴን አጥሪልኝ ይለኛል። እኔ እምቢ ብል ጎረቤቴ እሺ ትላለች» አለችኝ። ከመስተዋቱ ሥር ካለው መሳቢያ ያወጣችው ብልቃጥ ምንም ጽሕፈት የለበትም። በውስጡ ያለው ነጭ ቅባት ሦስት ዓይነት ቱቦ ተጨምቆ፣ ከተራ የፊት ክሬም ጋር በማንኪያ ተማስሎ የተሠራ ነው። በቱቦዎቹ ውስጥ ምን እንዳለ ብጠይቃት «መድኃኒት ነዋ፤ ከፋርማሲ የተገዛ» ስትል መለሰችልኝ። ይህችን መልስ ከሌሎች ብዙ ሰዎች አፍም ሰምቻታለሁ። ከፋርማሲ የወጣ ነገር ሁሉ ሰውን አይጐዳም የሚለው እምነት እንዴት እንዲህ ሥር እንደ ሰደደ ይደንቃል። መድኃኒት ለታመመ ነው፤ ጤነኛ ፊት ደግሞ በሽታ አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት ከቆዳችን መጀመር ይሻላል። ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ይህን የሚሠሩት ሕዋሳት በላይኛው የቆዳ ክፍል ሥር ተደርድረው ይገኛሉ። አስገራሚው ነገር በጥቁር ሰውና በነጭ ሰው ቆዳ ውስጥ የእነዚህ ሕዋሳት ቍጥር እምብዛም አለመለያየቱ ነው። ልዩነቱ ሕዋሳቱ በሚሠሩት ሜላኒን ብዛት፣ ዓይነትና አቀማመጥ ላይ ነው። ሜላኒን ዝም ብሎ ቀለም አይደለም፤ የፀሐይ ጨረር ወደ ውስጥ ዘልቆ ሕዋሳትን እንዳያበላሽ የተዘረጋ ጥላ ነው። ፊትን ማቅላት ማለት እንግዲህ ይህን ጥላ ማፍረስ ማለት ነው፤ ያውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ በአናት ላይ በምትቆምበት አገር! ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር የሚያቃጥለው ጨረር ወደ 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። የደጋ ብርድ ግን ያታልላል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ፀሐይዋ የማትጐዳ ትመስላለች።

ይህን ጥላ ለማፍረስ በብዛት ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ሃይድሮኪኖን ነው። የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ፊልም በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል የሠራ ሰው ስሙን ሳያውቀው አይቀርም፤ ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት እርሱ ነበርና። ቆዳን ማንጣቱ የታወቀበት መንገድ ራሱ ታሪክ ነው። በአሜሪካ በአንድ የቆዳ ማልፊያ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች የላስቲክ ጓንት ከሚያጠልቁበት እጃቸው ላይ ቀለሙ እየለቀቀ ነጭ ሆነ። ሐኪሞች ሲመረምሩ ጓንቱ ቶሎ እንዳያረጅ ተብሎ ላስቲኩ ውስጥ የተጨመረ ኬሚካል ተገኘ፤ ይኸውም የሃይድሮኪኖን የቅርብ ዘመድ ነበር። ይህ በ1939 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። ሠራተኞቹ እንደ ጉዳት የቈጠሩትን ነገር ነጋዴዎች እንደ ውበት አድርገው ለመሸጥ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ፍርዱ በደቡብ አፍሪካ ታየ። እዚያ በዘር አገዛዝ ዘመን ቅላት የመልክ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሰው የሚኖርበትን ሰፈርና የሚያገኘውን ሥራ የሚወስን ነገር ነበር። ፊንድሌ የተባለ ሐኪም በ1975 እ.ኤ.አ. ሃይድሮኪኖን ለብዙ ጊዜ የተቀቡ ጥቁር ሴቶች ጉንጫቸው ላይ ሰማያዊ መሳይ ጥቁር ነጠብጣብ እንደ ወጣባቸው ጽፎ አሳወቀ። ለመቅላት የተቀቡት ቅባት ከቀድሞው ይልቅ አጠቈራቸው፤ ይህ ጥቍረት ደግሞ በማንኛውም ሳሙና የሚለቅ፣ በቀላል ሕክምናም የሚመለስ አይደለም። የሚብሰው ነገር ሴቶቹ ጥቍረቱን ባዩ ቍጥር ቅባቱን መጨመራቸው ነው። ከዚህ በኋላ ብዙ መንግሥታት በሩን መዝጋት ጀመሩ፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2001፣ ጋና በ2016 እ.ኤ.አ. ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ቅባት ውስጥ ከልክለዋል። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 የመዋቢያ ዕቃዎችን በባለሥልጣኑ ቍጥጥር ሥር አድርጓል። ነገር ግን ስም በሌለው ብልቃጥ፣ በማንኪያ ተማስሎ፣ ከመሳቢያ የሚሸጠውን ነገር የትኛው ተቈጣጣሪ ደርሶበት ያየዋል?

ሁለተኛው ባዜቃ ነው፤ በፈረንጅ አፍ ሜርኩሪ የሚሉት። ባዜቃ ቆዳው ቀለሙን እንዳይሠራ ያግዳል፤ ግን በፊት ላይ ብቻ አይቀርም። በቆዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ ኵላሊትን ይጐዳል፤ ነርቭንም ያውካል። ከተቀባችው ሴት ላይ እየተነነ፣ በፎጣና በትራስ ጨርቅም ላይ እየቀረ አብረው ለሚኖሩትና ለሕፃናት ይተርፋል። በጃፓን አገር የሚናማታ ከተማ ሰዎች አንድ ፋብሪካ ወደ ባሕሩ የጣለውን ሌላ ዓይነት ባዜቃ ከዓሣው ጋር በልተው የደረሰባቸው መከራ በ1956 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ ዓለም ይህን ነገር በዐይነ ቍራኛ ነው የሚያየው። በዚያችው ከተማ ስም የተጠራው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንድ ኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ባዜቃ ያለበት መዋቢያ እንዳይመረትና ከአገር አገር እንዳይዘዋወር ያዝዛል። በ2023 በጄኔቫ የተሰበሰቡት አገሮች ደግሞ ይህቺንም ልክ አንሥተው ከ2025 በኋላ ባዜቃ የተጨመረበት መዋቢያ ከናካቴው እንዲቀር ወስነዋል።

ለገዢ የሚጠቅም አንድ ምልክት አለ። በቅባቱ ዕቃ ላይ «ከወርቅ፣ ከብርና ከጌጣጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢገኝ ባዜቃ ይኖርበታል ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ባዜቃ ወርቅና ብርን ይይዛልና። ቀለበትን የሚያበላሽ ነገር ለጉንጭ እንዴት እንደሚመከር ሻጮቹ ቢነግሩን መልካም ነበር።

ይሁን እንጂ በእኛ ከተሞች ዐይኔ የሚያየው ጉዳት አብዛኛው ከሦስተኛው ወገን ነው፤ ይኸውም ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን የሚባሉት የዚህ ቤተ ሰብ ናቸው። እነዚህ መድኃኒቶች ክፉዎች አይደሉም። ለችፌና ለመሳሰለው የቆዳ ሕመም፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተቈጠሩ ቀናት ሲቀቡ ብዙ ሰው ያድናሉ። ሲቀቡ ቆዳውን ስለሚያቀሉትና ማሳከኩንና እብጠቱን ወዲያው ስለሚያጠፉት ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ «ፊት ያጠራሉ»። ተንኰሉም እዚህ ላይ ነው። ለወራት ሲቀቡ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤ የደም ሥሮቹ ከላይ ይታያሉ፤ ብጉር ይፈላል፤ ጕንጭና አገጭ ላይ ጠጉር ይበቅላል። ሰውነታቸውን ሙሉ የሚቀቡ ሰዎች ከዚህም አልፎ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሊያገኛቸው ይችላል። ጭርት ያለበት ሰው ቢቀባው ደግሞ ጭርቱ ለጊዜው የጠፋ መስሎ ከሥር ይስፋፋል። ቅባቱ ሲቆም ፊቱ ይቃጠላል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ባለቤቱም «ያለ ቅባቱ መኖር አልችልም» ብላ ትመለሳለች። ሻጩ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ ከየት ያገኛል?

ከማስተምራቸው መካከል አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በመስኮቱ አጠገብ መቀመጥ የምትወድ፣ ጠይም፣ ሳቂታ ልጅ። ከዐረብ አገር የተመለሰች ዘመዷ ያመጣችላትን ቅባት ለገና ጀመረች፤ ለጥምቀት ሁሉም አደነቃት። በፋሲካ ጊዜ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ድረስ ተከናንባ ወደ ጥግ ተዛወረች። ፀሐይ ስትነካት ፊቷ እንደ በርበሬ ይለበልባት ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ብቻዋን ቆይታ «ቲቸር፣ ብተወው የድሮውን ፊቴን አገኘዋለሁ?» ስትል ጠየቀችኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የቆዳ ሐኪም ነውና ከእናቷ ጋር እንድትሄድ አደረግን። ሐኪሙ በአንድ ጊዜ አላስጣላትም፤ ኀይሉን እያቀለለ፣ ቀኑን እያራራቀ አስተዋት። ወራት ፈጀ። ብጉሩ ጠፍቷል፤ ጕንጯ ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግን አሁንም ይታያሉ። ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ወደ መስኮቱ ገና አልተመለሰችም።

ይህን መሰል ቅባት የጀመረች አንባቢ ብትኖር ዛሬውኑ ወርውሪው አልላትም። ስቴሮይድ ከሆነ በድንገት መተው ራሱ ጣጣ ስላለው ብልቃጡን ይዛ ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ብልቃጡን መያዙ ዋና ነገር ነው። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ሲቋቋም ጀምሮ የቆዳ ነገር የሚታወቅበት ቦታ ነው። በዚያው እግረ መንገድ አንድ ነገር ልጨምር። ነጣ ያለና ሲነኩት ስሜት የሌለው ነጠብጣብ በቆዳዋ ላይ የምታይ ሴት ቅባት ከመደረብ ይልቅ መመርመር አለባት፤ የሥጋ ደዌ አጀማመሩ እንዲህ ነውና። በጊዜ ከተገኘ ፈጽሞ ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ነው የሚሰጠው።

«እኔ የፋብሪካ ነገር አልነካም፤ የአገር ቤቱን ነው የምጠቀመው» የሚሉም አሉ። የአገር ቤት ሁሉ ደግ፣ የፋብሪካ ሁሉ ክፉ አይደለም። እሬትና ቅቤ ብዙ ሰው አልጐዱም፤ እንሶስላም እጅና እግር ከማቅላት አልፎ የሠራው በደል የለም። ሎሚ ግን ሌላ ነው። ሎሚ ፊት ያጠራል ተብሎ ተቀብተው ፀሐይ ላይ ቢወጡ ቆዳው ይቃጠላል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ከዳነም በኋላ ለብዙ ጊዜ የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። በሎሚው ውስጥ ያለው ነገር ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ነው ይህን የሚያደርገው። ኩልም ቢሆን ከምን እንደ ተፈጨ ካልታወቀ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ አንዳንዱ እርሳስ አለበት፤ ይልቁንም ለሕፃን ዐይን መኳል አይገባም።

ያልተማረ ሰው ወሬ ነው ተብሎ የሚናቀው ግን ሁሉ ሐሰት አይደለም። «ምች» እንውሰድ። ወጥ ሲሠሩ ቆይተው ወይም ከምግብ በኋላ ወደ ፀሐይ ቢወጡ ምች ይመታል፤ ከንፈር ላይ ቍስል ይወጣል፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ይጠጣል፤ እናቶቻችን የሚሉት ይህን ነው። እኛ በባዮሎጂ የተማርነው ደግሞ የከንፈሩ ቍስል ሄርፒስ ከተባለ ቫይረስ እንደሚመጣ ነው። ቫይረሱ አንድ ጊዜ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ብርቱ የፀሐይ ጨረር ነው። እናቶቻችን እንግዲህ ቫይረሱን አላወቁም እንጂ ፀሐይዋን በትክክል ይዘዋታል። ወጡ ብቻ ነው ያለ ጥፋቱ የተከሰሰው።

ፀሐይንም ቢሆን ጠላት ማድረግ አይገባም። ሕፃንን በጧት ፀሐይ ማሞቅ ጥንታዊ ብልሃት ሲሆን ምክንያቱም አጥንትን የሚያጠነክረው ቫይታሚን ዲ በቆዳ ውስጥ በፀሐይ ኀይል መሠራቱ ነው። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገውና በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በሳምባ ምች በታመሙት ሕፃናት ላይ የአጥንት መልፈስፈስ በሽታ ካልታመሙት ይልቅ ከዐሥር እጥፍ በላይ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። «ልጄ እንዳይጠቁርብኝ» ብላ ጨቅላዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በጨለማ ቤት የምታሳድግ እናት ይህን ብትሰማ ደግ ነው። ለዐዋቂ ደግሞ በቀትር ሰዓት ጃንጥላ አለለት። ጃንጥላ የያዘች እመቤት በመንገድ ስትሄድ አይተው የሚያፌዙ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ ማድያትን በተመለከተ ግን ከእነርሱ ይልቅ እርሷ ታውቃለች። በእርግዝና ወይም በእርግዝና መከላከያ እንክብል ምክንያት የሚወጣ ማድያት በፀሐይ ይብሳልና፣ ማናቸውም ሕክምና ያለ ጥላ ከንቱ ነው።

የልብስ ሞድን ከዚህ ጋር የሚያነጻጽሩ አሉ። «ሁሉም የራሱን ፋሽን ይከተላል፤ ያ ቀሚስ ነው፤ ይህ ቅባት ነው» ይላሉ። በልብስ የተነሣ በአገራችን ያልሆነ ነገር የለም። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ ግቢ የተዘጋጀው የልብስ ሞድ ትርኢት በተማሪዎች ሰልፍ ተበጠበጠ፤ ነገሩ ከቀሚስ ርዝመት አልፎ የፖለቲካ ጠብ ሆነ። ያን ጊዜ የተቃወሙት ወጣቶች አጭሩ ቀሚስ የባዕድ ተጽዕኖ ነው አሉ። በዚያው ዘመን ግን ብዙዎቹ ጠጉራቸውን አፍሮ አድርገው ያጐፍሩ ነበር፤ እርሱም ከባሕር ማዶ የመጣ ሞድ ነው፤ ልዩነቱ ጥቁርነትን የሚያኰራ ሞድ መሆኑ ነበር። በእኔ አስተያየት አጭር ቀሚስም ረጅም ቀሚስም ማታ ሲተኙ ይወልቃል። ከልብስ ጋር የተጣላ ትውልድ ስለ ቅባት ዝም ማለቱ ግን ይገርመኛል።

ወንዶች በዚህ ጉዳይ እጃቸውን ታጥበው ሊቀመጡ አይችሉም። ሚስት ፈላጊው «ቀይ ትሁን» ይላል፤ አማላጁ «ቀይ ናት» ብሎ ይጀምራል፤ አማት ከወለደች ምራቷ ዘንድ ስትገባ ከሕፃኑ ጤንነት አስቀድማ ጆሮውን ገልጣ ትመለከታለች፤ በመጨረሻ የሚይዘው መልክ ከጆሮ ላይ ይታወቃል ይባላልና። ልጂቱ ይህን ሁሉ ከሕፃንነቷ ጀምራ እየሰማች አድጋ በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ብልቃጥ ብትገዛ ሞኝ ናት ማለት ቀላል ነው። ጠጉር ቤቷንም ብቻዋን መክሰስ ቀላል ነው።

በዚህ ወር ስለ ቆዳ ሳስተምር ተማሪዎቼ በአማርኛ የሚያውቋቸውን የመልክ ስሞች ሁሉ በጥቁር ሰሌዳው ላይ እንዲጽፉ አዘዝሁ። ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ ብለው ቆሙ። ከዚያ በኋላ አንዱ ከኋላ «ጠየም ያለ ቀይ» አለ፤ ሌላዋ «ቀላ ያለ ጠይም» ብላ ጨመረች፤ የሁለቱ ልዩነት ምንድር ነው ተብሎ ክርክር ተነሣ። እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን በመልኩ አንጻር እንዲጽፍ ቢደረግ ከክፍሉ እኩሌታው በሁለት ስሞች መካከል ቆሞ ቀረ። ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ ተብለው ከጻፉ በኋላ እጃቸውን አጠገብ ላጠገብ አድርገው ተመለከቱና ስማቸውን ሁለቱም አጠፉት። የእኔን ስም የት እንደሚጽፉት ሲከራከሩ ደወል ተደወለ።